ካርዮላው ወገቤን ጨርሶታል፦ ለፈረስ መስክ ምን ዓይነት ትንሽ ተሽከርካሪ ልግዛ?

የጉራቻ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን ወገቤ አስገድዶኝ ጠያቂ ሆኜ መጥቻለሁ።

አምስት ፈረሶች አሉኝ። መስኩ 3 ሄክታር ገደማ ነው፤ በአጥር አራት ቦታ ተከፍሏል። ላይኛው ደረቅ ነው፤ የታችኛው ጥግ ግን ዝናብ ሲጥል ረግረግ ይሆናል። የፋንድያ ክምሩ ከጋጣው 300 ሜትር ይርቃል፣ መንገዱም ዳገት አለው። ሁሉንም በካርዮላ ነበር የማመላልሰው። ባለፈው ሳምንት ሙሉ ካርዮላ እየገፋሁ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስደርስ ጎማው ቦይ ውስጥ ገባና እኔም፣ ካርዮላውም፣ ፋንድያውም አብረን ተጋደምን። ጉራቻው አንገቱን በአጥሩ ላይ አውጥቶ ድርቆሹን እያላመጠ ሲመለከተኝ ነበር።

ሥራው ይህ ነው፦ ፋንድያ ማንሳት፣ ድርቆሽ ማድረስ፣ ወደ ታችኛው መስክ ውሃ መውሰድ (እዚያ ቧንቧ የለም)፣ የአጥር ቋሚና ሽቦ ማመላለስ፣ አልፎ አልፎ መስኩ ላይ የሰንሰለት መከስከሻ (ፋንድያውን የሚበትን መረብ መሰል ብረት) መጎተት። ባለቤቴ “ኳድ (ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክል) ግዢና ተሳቢ ቀጥዪበት” ይላል። የእኔ ዓይን ያረፈው ግን ባለ ጣሪያው፣ ፎር ዊል የሆነው ትልቁ ዩቲቪ (እንደ መኪና ተቀምጠሽ በመሪ የምትነጂው፣ ከኋላ የጭነት ሳጥን ያለው የእርሻ ተሽከርካሪ) ላይ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

እርካብ

ባለቤትሽ አልተሳሳተም። ኳድ ከያዝኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ቀላል ስለሆነ ሣሩን አያርስም፣ በየትኛውም በር ይገባል፣ ጥገናውም ከሞተር ሳይክል ብዙ አይለይም። ትንሽ ገልባጭ ተሳቢ ብትቀጥዪበት የካርዮላሽን አራት አምስት እጥፍ በአንድ ጊዜ ይወስድልሻል። ድርቆሹን የኋላ መደርደሪያው ላይ አስሬ ነው የምሄደው። ለአምስት ፈረስ ትልቅ ዩቲቪ ማለት ዝንብን በመዶሻ ነው።

መንሽ

ልጄ፣ መኪና ከመምረጥሽ በፊት ሸክምሽን መዝኚ። እኔ ፈረስ ከያዝኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ሰው ሲሳሳት ያየሁት ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው።

500 ኪሎ የሚሆን ፈረስ ፋንድያውና ሽንቱ ሲደመር በቀን ከ20 ኪሎ በላይ ያወጣል፤ ዓመቱን ስታስቢው 8 ቶን ገደማ ነው። ያንቺ አምስቱ በቀን ከ100 ኪሎ አያንሱም፤ ጋጣ የሚያድሩ ከሆነ የረጠበው ጉዝጓዝ ይጨመርበታል። ድርቆሽ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከመቶ 2 ገደማ ይበላል፤ 10 ኪሎ በይው፤ ለአምስቱ 50 ኪሎ። እስካሁን ያለው ሁሉ ትንሽ ነገር ነው። ከፋፍለሽ ብትወስጂው ማንም አይከለክልሽም።

ውሃው ግን ሌላ ነው። አንድ ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 50 ሊትር ይጠጣል፤ ሙቀት ከሆነ ከዚያም ያልፋል። አምስቱን ታች ካዋልሽ አንድ 200 ሊትር በርሜል በየቀኑ ማለት ነው። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፣ በርሜሉ ሳይቆጠር። ያውም ወደ ረግረጉ፣ ቁልቁል፣ እየተናወጠ። ስለዚህ ትልቁን ዩቲቪ የሚያስገዛሽ ፋንድያው ሳይሆን ይህ በርሜል ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምገዛው የፕላስቲክ ቱቦ ነበር። ከጋጣው ቧንቧ እስከ ታች ጥጉ ቅበሪው፣ ጫፉ ላይ ሲሞላ ውሃውን ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ያለው ገንዳ አድርጊ። ከዚያ በኋላ የሚቀርሽን ሥራ ቁጠሪና ስለ ሞተር እናወራለን።

አምባላይ

እርካብ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ኳድን እንዲህ አቅልለህ ስታወራ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የኋላ መደርደሪያው ላይ 40 ሊትር ውሃና ሁለት የመኖ ጆንያ አስሬ ተዳፋቱን አግድም ስሻገር ነበር። ፍጥነት የለኝም፣ ሰው በእግሩ ይቀድመኛል። የላይኛው ጎማ አንዲት የፍልፈል ጉብታ ላይ ወጣ። ጉብታዋ ከጉልበት በታች ናት። ኳዱ ዘንበል አለ፣ ውሃው ወደ ታች ዞረ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በዝግታ ነው የማስታውሰው፦ እጀታው ከእጄ ወጣ፣ ሰማዩን አየሁ፣ ከዚያ ጭኔ ላይ ሙቅ ብረት። ሞተሩ እየሠራ ከበላዬ ነበር። መሬቱ ለስላሳ ስለነበር እግሬ ጭቃው ውስጥ ሰመጠና ተረፈልኝ። ስልኬ ደረት ኪሴ ውስጥ ባይሆን ማን ይሰማኝ ነበር?

ኳድ የሚነዳው በሰውነት ነው፤ ተዳፋት ላይ ክብደትህን ካላዘዋወርክ ሚዛኑ ያንተ አይደለም። ቀበቶ የለውም፣ ሲገለበጥ የሚከላከል ምሰሶ የለውም። አውስትራሊያ ውስጥ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ የእርሻ ኳድ ሁሉ ከመገልበጥ የሚከላከል መሣሪያ እንዲኖረው በሕግ የተደነገገው ለጌጥ አይደለም። የትልቅ ሰው ኳድ ላይ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይነዳ፣ በአንድ ሰው ኳድ ላይም ሁለተኛ ሰው እንዳይጫን ራሳቸው አምራቾቹ ተለጣፊ አድርገው ይጽፉበታል። ግን ጋጣ የሚመጣ ልጅ ሁሉ “አንዴ ብቻ” ይላል።

እርካብ

ወንድሜ እግዜር አትርፎሃል። ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔም መከላከያውን አስገጥሜበታለሁ፣ ያለ ሄልሜትም አልወጣም። የእኔ መስክ ደልዳላ ነው፣ ያንን መናገር ነበረብኝ። ዳገት አለኝ ብላለች፤ ስለዚህ ቃሌን ግማሹን አንስቻለሁ። ግን ውሃን መደርደሪያ ላይ ማሰር የኳዱ ጥፋት አይደለም። ውሃ ተሳቢ ላይ ነው፣ ዝቅ ብሎ፣ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ። ግማሽ በርሜል ከሙሉ በርሜል ይብሳል፤ የሚዋዥቀው እሱ ነው።

ካምቢዮ

በሙያዬ መካኒክ ነኝ፤ ፈረስ የለኝም፣ የፈረስ ባለቤቶችን ማሽን ግን ስጠግን እውላለሁ። ስለ ዩቲቪ ሰው የማይጠይቀውን ልንገርሽ፦ ሁሉም የፈረስ ጉልበቱን ያያል፣ ካምቢዮውን ማንም አያይም።

ብዙዎቹ ዩቲቪዎች በቺንጋ የሚሠሩ ናቸው። ሁለት ፑሊ፣ መሐላቸው የጎማ ቀበቶ። ከ1988 ጀምሮ ያለው የካዋሳኪ ሙልም፣ በ1992 የወጣው የጆን ዲር ጌተርም በዚህ ይታወቃሉ። ለመንዳት ቀላል፣ ለመጠገንም ቀላል ነው። ነገር ግን ቺንጋ የሚሞተው በፍጥነት ሳይሆን በዝግታ ነው። ከባድ ተሳቢ ይዘሽ ዳገት ላይ በፈጣኑ ማርሽ በሰው እርምጃ ስትሳቢ ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ከመጣብሽ ዘግይተሻል። ሸክም ካለ፣ ዳገት ካለ፣ ወይም ፈረስ መሐል ቀስ እያልሽ ከሆነ ከባዱን ማርሽ (ሪዶታውን) አስገቢ። ይቺን አንዲት ነገር ባለማድረግ ብቻ የሚመጡልኝ ደንበኞች አሉ።

ሌላው ሃይድሮስታቲክ ነው፤ በዘይት ግፊት የሚነዳ፣ እንደ ኩቦታ አርቲቪ ያሉት። እግርሽን ከፔዳሉ ስታነሺ ራሱ ይይዛል፤ ቁልቁል ሸክም ይዞ ለመውረድ ከእሱ የተሻለ የለም። ግን ይጮሃል፣ ነዳጅም ይበላል፣ ዘይቱና ፍልትሮው በሰዓቱ ካልተለወጠ ጥገናው ያስለቅሳል።

ሌላ የማይታይ ነገር ዲፈረንሻሉ ነው፤ ስትታጠፊ ግራና ቀኝ ጎማዎቹ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው። የኋላ ጎማዎቹ ሁልጊዜ ተቆላልፈው የሚዞሩበት ማሽን ሣር ላይ በታጠፈ ቁጥር ሣሩን ይገሸልጣል። ፖላሪስ ሬንጀር የተባለው ዩቲቪ “የሣር” ብሎ ቁልፉን የሚለቅበት ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ሌሎቹ ላይ በማንሻ ነው። ለግጦሽ መስክ ይህ ከፈረስ ጉልበቱ ይበልጣል።

አንድ ጥያቄ፦ በሮችሽ ስንት ይሰፋሉ?

ጋሪ ነጂ

አምስት ፈረስ ይዛችሁ ሞተር ትፈልጋላችሁ? አንዱን ጋሪ አስለምዱት! ነዳጁ ሣር፣ ጭስ ማውጫውም ማዳበሪያ ነው።

(ቀልዴን ነው፣ ግማሹን። የእኔ ሽማግሌ ፈረስ የሰንሰለት መከስከሻውን ይጎትትልኛል፣ እሱም ደስ ይለዋል። ግን ማስለመድ ወራት ይፈጃል፣ በጠዋት ቸኩሎ ፋንድያ ለሚያነሳ ሰው አይሆንም።)

የጉራቻ እናት

ካምቢዮ፣ ሜትር ይዤ ወጣሁ። ሦስቱ የመስክ በሮች ከ3 ሜትር በላይ ናቸው። የጋጣው መተላለፊያ ግን 1 ሜትር ከ32! አሥር ዓመት ስገባ ስወጣ ሰፊ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔ ያረፈበት ዩቲቪ 1 ሜትር ከ58 ነው። ገዝቼው ቢሆን ኖሮ በር ላይ ቆሜ አለቅስ ነበር።

ደግሞ እትዬ መንሽ እንዳሉት ሥራውን ሁሉ ለአንድ ሳምንት ጻፍኩ። ወደ ክምሩ በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ ሙሉ። ወደ ታች መስክ ውሃ በጄሪካን፣ በቀን ስድስት ጊዜ፤ ቀኑን ግማሽ የበላው እሱ ነው። የአጥር ሥራ በሳምንቱ አንዴ። ከስከሻ ምንም። ካየሁት ውስጥ ፎር ዊል የፈለገ ጉዞ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ውሃ ይዤ ወደ ረግረጉ የሄድኩበት ነው።

ልጓም

ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው፦ የጃፓን ትንንሽ ፒክአፖች። ሱዙኪ ኬሪ፣ ዳይሃትሱ ሃይጄት፣ ሱባሩ ሳምባር፣ ሆንዳ አክቲ። የአገሩ ሕግ ልካቸውን ወስኖታል፤ ከ1990 ወዲህ ሞተራቸው ከ660 ሲሲ አያልፍም፣ ከ1998 ወዲህ ደግሞ ርዝመታቸው እስከ 3.40 ሜትር፣ ስፋታቸው እስከ 1.48 ሜትር ነው። 350 ኪሎ ይጭናሉ። ጣሪያ አላቸው፣ መስታወት አላቸው፣ ዝናብ አይመታሽም። ሦስቱም ስፖንዳ (የጭነት ሳጥኑ ጎኖች) ስለሚወርድ ከየትኛውም ጎን መንሽ ማስገባት ይቻላል። የጭነት ወለሉ ከጉልበት ብዙም ከፍ አይልም፤ ድርቆሽ ለመጫን ትከሻ አይጠይቅም። የእኔ ሪዶታም አለው። መሪው በቀኝ መሆኑን በሁለተኛው ቀን ትረሺዋለሽ።

ካምቢዮ

ልጓም፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን ሁለት ነገር ልጨምር። ጎማቸው ቀጭን ነው፣ ንፋሱም እንደ መኪና ነው የሚሞላው፤ እርጥብ ሣር ላይ እንደ ቢላ ይገባል። ሁለተኛ ከሥር ያለው ክፍተት ትንሽ ስለሆነ በሠራው ቦይ ላይ ራሱ ይቀመጣል። መንገዱ ጠጠር ለሆነና መስኩ ውስጥ ብዙ ለማይገባ ሰው ግን ከዩቲቪ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። በ1.32 በር ግን አይገባም።

ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር ለማለት ያሰበ ካለ፦ ደልዳላና ደረቅ ላይ ጥሩ ነው፤ ተዳፋት ላይ ሲታጠፍ በፊት ጎኑ ይወድቃል፣ ጭቃ ላይም ሦስት ዱካ ስለሚያወጣ መሐለኛው ሁልጊዜ ያልተረገጠውን ይረግጣል።

ናፍጣ ሽታ

ሁላችሁም ስለ ማጓጓዝ ብቻ ታወራላችሁ። ክምሩን ማን ያገላብጠዋል? ትልቁን ድብልብል ድርቆሽ ማን ያነሳዋል? ከ200 እስከ 400 ኪሎ የሚሆን ነገር ነው፤ ዩቲቪ ይጎትተው ይሆናል እንጂ አያነሳውም። ከ20 እስከ 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ትራክተር ከፊቱ ከሚገጠም የሚዝቅና የሚያነሳ ባልዲ ጋር ከያዝሽ ሁሉንም ይሠራል። እኔ ከከብት አርቢ ጎረቤቴ ጋር ተጋርተን ነው የገዛነው፤ እሱ ጠዋት መኖ ያመላልስበታል፣ እኔ ከሰዓት።

መንሽ

ናፍጣ ሽታ፣ ስለ ትራክተሩ ያልከው እውነት ነው፤ ሥራው ማንሳት ከሆነ ሌላ መልስ የለውም። ከባድ መሆኑን ግን እወቅ፤ ባልዲው ሲሞላ ከኋላው ሚዛን ካልታሰረበት አፍንጫውን ይተክላል።

ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ነው። የከብት መኖ ባመላለሰ ባልዲ ለፈረስ ድርቆሽ ወይም መኖ አትጫን። አንዳንድ የከብትና የዶሮ መኖ ሞነንሲን የሚባል መድኃኒት ይጨመርበታል። ለከብቱ ጥቅም ነው፤ ፈረስ ላይ ግን ጥቂቱ ልብን ይጎዳል፣ ይገድላልም። ዱቄቱ ጥግ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ወይ በደንብ እጠበው ወይ የየራሳችሁ ሳጥን ይኑራችሁ።

ናፍጣ ሽታ

ይህን አላውቅም ነበር። ዛሬውኑ ጎረቤቴን የመኖውን ጆንያ አሳየኝ እለዋለሁ። አመሰግናለሁ እትዬ።

አዲስ ገበሬ

የሣር ማጨጃዋ ትንሽ ትራክተርስ? አለችኝ ብዬ ተሳቢ ቀጥዬባት ነበር። ለሁለት ወር እንደ ንጉሥ ነዳሁ። ከዚያ ዳገት ላይ ሸክም ይዛ መንቀሳቀስ ተሳናት፤ ስትበርድ ትሄዳለች፣ ስትግል ትቆማለች። ጠጋኙ ሲከፍታት ውስጧ ያለው የዘይት ካምቢዮ እንዲጠገን ሳይሆን እንዲጣል የተሠራ ነው አለኝ። መመሪያዋን ያነበብኩት ያን ቀን ማታ ነው፤ መጎተት የምትችለው የተሳቢውንም ክብደት ጨምሮ ከጫንኩት ግማሹን ነበር። ለሣር የተሠራች ለሣር ናት።

የጉራቻ እናት

አዲስ ገበሬ፣ እኔም እሷ አለችኝ፣ እሷንም አስቤ ነበር። ከሐሳቤ አወጣኋት።

እትዬ መንሽ፣ ስለ መሬቱ ቢነግሩኝ? ታችኛው መስክ ላይ ጎማ ካምቢዮ እንዳለው “እንደ ቢላ” ነው የሚገባው።

መንሽ

መሬት የሚጨፈለቀው ሲረጥብ ነው፤ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰውም የመጀመሪያው መንኮራኩር ነው። አሥር ቦታ አንዳንድ ጊዜ ከመሄድ አንድ ቦታ አሥር ጊዜ መሄድ ይሻላል። መንገድሽን ለይና ከእሱ አትውጪ። በየበሩ ያለውን መሬት፣ ፈረሶቹም አንቺም የምትጨናነቁበትን፣ አፈሩን ገፈሽ ጠጠር አልብሺው። ከየትኛውም ፎር ዊል ይበልጥ የሚያወጣሽ እሱ ነው። ጎማው ሰፊና ጥርሱ ዝቅ ያለ፣ የሣር የሚባለው ይሁን፤ ያ ሹል ጥርስ ያለው ሲያዩት ያምራል እንጂ መስክሽን ያርሰዋል።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ፋንድያውን በየቀኑ ማንሳት ባትችዪ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንሺው። የጥገኛ ትሉ እንቁላል በሙቀትና እርጥበት ውስጥ በሳምንት ገደማ ተፈልፍሎ ሣሩ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በፊት ካነሳሽው ሰንሰለቱን ቆረጥሽው። ለዚህ ነው ዝናብ ሲዘንብም መስክ የሚገባ፣ ቀላል፣ ለመነሳት የማያሰንፍ ነገር የሚሻለው። ያልተነሳ ፋንድያ በመከስከሻ መበተን ደግሞ ትሉን ማከፋፈል ነው፤ ደረቅና ሞቃት ወቅት ላይ ካልሆነ፣ ከዚያም ፈረሶቹን ለሳምንታት ካላራቅሽ፣ አትከስክሺው። በሳምንቱ “ምንም” ብለሽ የጻፍሽው ጥሩ አድርገሻል።

ዝምተኛው

በጋጣው በር 1.32 የሚገባ፣ ዝም ያለ፣ ጋጣ ውስጥ ጭስ የማይተው ነገር ከፈለግሽ የኤሌክትሪኩን አስቢ። ከጎልፍ ጋሪ ሻንሲ የሚሠሩት ባለ ጭነት ሳጥኖቹ ስፋታቸው 1.20 ሜትር አካባቢ ነው። አራት ዓመት ነድቻለሁ። ከዜሮ ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ስላለው ዳገት ላይ ሸክም ይዞ መነሳት አያስቸግረውም፤ ቀስ ብሎ መሄድ ደግሞ ባሕርይው ነው፣ የሚቃጠል ቺንጋ የለም። አቁመሽ ፋንድያ ስታነሺ የሚባክን ነዳጅ የለም። የፈረስ ሥራ ማለት ሃያ ሜትር ሄዶ መቆም፣ ሃያ ሜትር ሄዶ መቆም አይደል?

ጉድለቱን ደግሞ አልደብቅም። ስምንት ባለ 6 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ካለው ባትሪው ብቻ ከ200 ኪሎ በላይ ነው፤ ረግረግ ውስጥ ከገባ ራሱን አያወጣም። ብርድ ሲሆን ጉልበቱ ይቀንሳል። ከግማሽ በታች እያወረዱ ከተጠቀሙበት ዕድሜው ያጥራል። ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ አየር የሚገባበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። ሊቲየሙ ቀላልና ጥገና የለሽ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ መሙላት አይገባም። ያገለገለ ስትገዢ የማሽኑን ዓመት ተዪና የባትሪውን ዓመት ጠይቂ። ሻጭ “ባትሪው ጥሩ ነው” ሲል ዳገት ፈልጊና ሁለት ሰው ጭነሽ ለሃያ ደቂቃ ንጂው።

ካምቢዮ

ጥሩ ተናግሯል። ለነዳጁ ደግሞ እኔ ልጨምር፣ ሌላም ሰው ስለሚያነበው። ያገለገለ ስታዩ ሰዓት ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ፤ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ቆጣሪው ትንሽ ካሳየ አንዱ ይዋሻል። ሻንሲውን በተለይ ከጭነት ሳጥኑ ሥር በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጉት፤ የፈረስ ሽንትና ፋንድያ ብረት ይበላል። ኩሽኔታዎቹን (ጎማው የሚዞርባቸውን) ለመፈተሽ ጎማውን አንስታችሁ አወዛውዙ።

ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አካባቢ የተጠራቀመ ድርቆሽ ካለ በእጃችሁ አውጡት። እኔ ጋ ግማሹ ቀልጦ የመጣ ማሽን አለ፤ ምክንያቱ አንድ እፍኝ ደረቅ ድርቆሽ ነው። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ድርቆሽ ቤት ውስጥ አታቁሙት።

የጉራቻ እናት

እንዲህ ወስኛለሁ። ቱቦው መጀመሪያ። ከዚያ ጠጠር ለሁለቱ በሮች። ከዚያ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጋሪ፣ የሚገለበጥ ሳጥን ያለው። ባለቤቴ “እና ኳዱ?” አለኝ፤ የአምባላይን ጽሑፍ አነበብኩለትና ዝም አለ።

አምባላይ

እግሬ ለአንድ ነገር ጠቀመ ማለት ነው።

የጉራቻ እናት (ከአራት ወር በኋላ)

የውጤቱን ወሬ ይዤ መጣሁ።

ቱቦው ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጀ። ገንዳው ሲሞላ ተንሳፋፊው ሲዘጋ የሰማሁባት “ጢቅ” የምትል ድምፅ እስካሁን ከሙዚቃ ትጥመኛለች። በቀን ስድስቱ የጄሪካን ጉዞ ዜሮ ሆነ። ትልቁን ዩቲቪ ያስመኘኝ ሥራ በአንድ ቱቦ ጠፋ፤ እትዬ መንሽ፣ ዕድሜ ይስጥዎት።

ጋሪው ያገለገለ ነው፣ ባትሪው የአንድ ዓመት። ሻጩን ዳገት ላይ ሃያ ደቂቃ አስነዳሁት፤ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ሳጥኑ በእጅ ነው የሚገለበጠው፦ መንጠቆውን ትለቂያለሽ፣ ትገፊያለሽ፣ ፋንድያው ክምሩ ላይ ይንሸራተታል። ጀርባዬን ያዳነው መሄዱ ሳይሆን ይህ መገልበጡ ነው። ድሮ ካርዮላውን ገፍቼ ደርሼ እንኳ በመንሽ ነበር የማወጣው። አሁን ጠዋት ሁለት ዙር ነው፣ አለቀ።

ያልጠበቅሁት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው መቀመጫው ነው። በሁለተኛው ቀን ቁልፉን ይዤ፣ ጋሪውን መስክ ውስጥ ትቼ ለአምስት ደቂቃ ገባሁ። ስመለስ ጉራቻው የመቀመጫውን ጫፍ ነክሶ ስፖንጁን እየጎተተ ነው፣ ሌላዋ ደግሞ የመሪውን ሽፋን ትልሳለች። አሁን በማንም ፊት ጥዬው አልሄድም።

ሁለተኛው ዝምታው ነው። እኔ ዝም ማለቱ ፈረሶቹን አያስደነግጥም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ከኋላ ስመጣ ግን አልሰሙኝም፤ አንዷ ዞር ብላ ስታየኝ በአንድ ዝላይ አጥሩ ጋ ደረሰች። ለካ ድምፅ የሌለው ነገር ከኋላ ሲመጣ ለፈረስ አዳኝ አውሬ ነው። አሁን መሪው ሥር ትንሽ ቃጭል አስሬበታለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቃጭሉን ሲሰሙ ከመሸሽ ይልቅ ወደ እኔ መሮጥ ጀመሩ፣ ድርቆሽ ነው ብለው።

አንዴ ተቀርቅሬያለሁ። ዝናብ ላይ፣ ከመንገዴ ወጥቼ፣ “በአቋራጭ” ብዬ። ማን እንደጎተተኝ አልናገርም።

ጋሪ ነጂ

ፈረስ ጎተተሽ!

የጉራቻ እናት

ምንም አልተናገርኩም።

እርካብ

እንኳን ደስ አለሽ። ባትሪው የእርሳስ ከሆነ ውሃውን የምትጨምሪው ባትሪውን ቻርጅ ከማድረግሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ወንድሜ አንድ ገዝቶ ከላይ እየፈሰሰ አስቸግሮታል።

ዝምተኛው

በኋላ። ቻርጅ ሲሆን ፈሳሹ ከፍ ይላል፤ ቀድሞ ውሃ ሞልቶት ከሆነ አሲዱ ይፈስሳል። ቻርጅ ከማድረጉ በፊት የሚጨምረው ባትሪው ውስጥ ያሉት ዝርግ የእርሳስ ሳህኖች ከውሃው ወጥተው ከታዩ ብቻ ነው፣ ያውም እስኪሸፈኑ ድረስ። የተጣራ ውሃ ይሁን፣ የቧንቧ አይሁን። የፈሰሰውን የመጋገሪያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ያጥበው፣ መነጽርና ጓንት አድርጎ።

እርካብ

ነግሬዋለሁ። “ታዲያ ለምን አልነገሩኝም” እያለ ነው።